የስልክ ስክሪን በዋጃ ፀሐይ ሲፈተን

በዚህ እትም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ገጽ ላይ ይዤላችሁ የመጣሁት ስለ ስልክ ስክሪን ነው። ስለ ካሜራና ስለ ጌም ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ስለምታውቁ እሱን ትቼዋለሁ። መካከለኛ ዋጋ ያለው ስማርት ስልክ ሲገዛ ስክሪኑ ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ነው።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ሽንኩርታችን ሲሸጥ ስልክ ገዛ። የገዛው ማታ፣ መብራት ቦግ ባለበት ሱቅ ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው የአበባና የዓሳ ቪዲዮ በጣም ያምር ስለነበር ሌላ ነገር ሳያይ ከፈለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ማሳ ላይ ሆኖ አንድ ነጋዴ የቀረውን ሽንኩርት ስንት እንደሚገዛ በሜሴጅ ላከለት። ወንድሜ ስክሪኑን ቢያየው መስታወት ሆነበት፤ የሚታየው የራሱ ፊት ብቻ ነው። ደውሎ እንዳይጠይቅ ካርድ የለውም። ጥላ ፈልጎ እስኪያነበው ድረስ ነጋዴው ከሌላ ሰው ገዝቶ ሄደ።

ይሄ ግን ቀላሉ ነው። እህቴ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ የክልል ፈተና ይጠብቃታል። የታተመው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ስላልደረሳት የሂሳብን መጽሐፍ የምታነበው በወንድሜ ስልክ፣ በፒዲኤፍ ነው። አንድ ቀን ማታ የቤት ሥራ ስትገለብጥ 5³ የሚለውን 5² ብላ ጻፈች። እንደዚያ እያለች አምስት ጥያቄ ተሳሳተች። አባየ ደብተሯን አይቶ «አታጠኝም፣ ስልክ ስትነካኪ ነው የምታመሽው» ብሎ ተቆጣት። እሷም አለቀሰች። እኔ ግን ገጹን አይቼዋለሁ። ከላይ ያለችው ትንሿ ቁጥር 2 ትሁን 3 እኔም አልለየኋትም።

ስለዚህ ልፈትሸው አሰብኩ። የወንድሜን ስልክና የአክስቴን ስልክ ጎን ለጎን አደረግኩ። የስልኮቹን ስም አልጽፍም፤ አንድ ስልክ አይቶ በኩባንያው ሁሉ ላይ መፍረድ ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ስክሪን ምን እንደሆነ እንይ። ስክሪን ፒክስል በሚባሉ በጣም ትንንሽ ነጥቦች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል አለው። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ነጭ ገጽ ክፈቱና በጣት ጫፍ አንዲት በጣም ትንሽ የውሃ ጠብታ ስክሪኑ ላይ አሳርፉ። ጠብታዋ እንደ አጉሊ መነጽር ሆና ነጩ ነጭ እንዳልሆነ ታሳያችኋለች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል! (ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ ላይ እንዳትሞክሩ፤ ቶሎም ጥረጉት። እማየ እኔን ስታየኝ የጮኸችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።)

ስክሪን በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤል ሲ ዲ ይባላል። ከጀርባው ሁልጊዜ የሚበራ ነጭ ብርሃን አለ፤ ከፊቱ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ መጋረጃ እየተከፈተና እየተዘጋ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ይመስላል። ፈሳሽ ክሪስታልን እ.ኤ.አ. በ1888 መጀመሪያ ያስተዋለው ራይኒትዘር የሚባል ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ያገኘውም ከካሮት በወጣ ነገር ላይ ሲመራመር ነው። ስልክ ከካሮት ጋር ይገናኛል ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ሁለተኛው አሞሌድ ነው። በዚህኛው እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ይበራል፤ ጥቁር ሲያስፈልግ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቁሩ እንደ ከሰል ነው። የዚህ ዘር መነሻ የሆነውን ሥራ ታንግና ቫን ስላይክ የተባሉ ሁለት የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 አሳትመውታል። አሞሌድ ላይ ጥቁር ገጽ መጠቀም ቻርጅ ይቆጥባል። ኤል ሲ ዲ ላይ ግን የጀርባው መብራት ስለማይጠፋ ያን ያህል አይጠቅምም። መብራት በሄደ ቁጥር ለምንጨነቅ ለእኛ ይሄ ቁም ነገር ነው።

አሁን ወደ ጥራት እንምጣ። ሰው ስልክ ሲገዛ «ስክሪኑ ትልቅ ነው ወይ?» ይላል። ትልቅነት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ነጥቦቹ ምን ያህል ተጠጋግተዋል ነው ጥያቄው። ሁለት ስልክ በምሳሌ እንውሰድ። ቴክኖ ስፓርክ 20 ስክሪኑ 6.6 ኢንች ሆኖ በአግድም 720፣ በቁመት 1612 ነጥብ አለው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15 ደግሞ 6.5 ኢንች ሆኖ 1080 በ2340 ነው። በሂሳብ መምህራችን እገዛ በፓይታጎራስ ቴዎረም ሰያፉን አስልተን ለኢንቹ አካፈልነው። የመጀመሪያው በአንድ ኢንች 267 ያህል፣ ሁለተኛው 396 ያህል ነጥብ ሆነ። ለቪዲዮና ለፎቶ የመጀመሪያውም ይበቃል። የመጽሐፍ ገጽ ሙሉውን አሳንሶ ለማንበብ ግን ልዩነቱ ይታያል። እነዚህ ቁጥሮች ካርቶኑ ላይ ወይም ሻጩን ብትጠይቁ ይገኛሉ።

ለእኛ ፊደል ደግሞ ይሄ ነገር ይብሳል። የእንግሊዝኛን ኤ እና ቢ ብታዩ ቅርጻቸው ይለያያል። የእኛ ቢ እና ቤ ግን የሚለያዩት ከእግራቸው ሥር ባለች ትንሽ ነገር ነው። ቤ ቀለበት አላት፣ ቢ የላትም። ቀለበቷ በነጥብ እጥረት ከተደፈነች ቤት ቢት ሆኖ ቁጭ ይላል። የፈጠርኩት ፈተና ይህን ነው፦ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» እና «በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ» ብዬ ጽፌ፣ ፊደሉን ትንሹ መጠን ላይ አድርጌ፣ ለሁለቱም ስልክ ላክሁ። የአክስቴ ስልክ ላይ ሁሉም ተለዩ። የወንድሜ ላይ ሊ እና ሌ አንድ ዓይነት ሆኑ። ስልክ ስትገዙ ይህን ፈተና ሱቁ ውስጥ መሥራት ትችላላችሁ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ የፀሐይ ፈተና። የብርሃን መጠን በሉክስ ይለካል። ቀትር ላይ ቀጥታ የሚመታ ፀሐይ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ በደንብ መብራት ያለው ቢሮ ግን 500 ያህል ነው። ዋጃ ደግሞ ቆላ ነው፣ ደመና የሌለው ቀን ይበዛል። ሱቅ ውስጥ ያማረ ስክሪን ማሳ ላይ ቢጠፋ ምን ይገርማል? የስክሪን ድምቀት የሚለካው በኒት ነው። ኤ15 በፀሐይ ጊዜ እስከ 800 ኒት ይደርሳል ተብሎ ተጽፏል። «በፀሐይ ጊዜ» የሚለውን ልብ በሉ። ብዙ ስልኮች የመጨረሻውን ድምቀት የሚሰጡት አውቶማቲክ ብራይትነስ ሲከፈትና ስልኩ ራሱ ፀሐይ መኖሩን ሲያውቅ ብቻ ነው።

ቀን 6 ሰዓት ላይ ሁለቱን ስልክ ይዤ ደጅ ወጣሁ። የአክስቴ ይነበባል። የወንድሜ ምንም! በኋላ ሴቲንጉን ሳየው አውቶማቲኩን ቻርጅ እንዲቆጥብ ብሎ ዘግቶታል። ከፈትኩት፤ ትንሽ ተሻለ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን ጠቆር ያለ መስታወት አየሁት። ከጎን ሰው እንዳያይብህ የሚባለው ዓይነት ነው። እሱ ከጎን ብቻ ሳይሆን ከፊት የሚወጣውንም ብርሃን ይቀንሳል። ወንድሜን ለምኜ አስነሳሁት። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አፈርኩ፤ ስልኩን ስንሰድበው ከርመን ግማሹ ጥፋት የእኛ ነበር። እንደ አክስቴ ባይሆንም አሁን ሜሴጅ ይነበባል።

ቀለምንም ፈትሻለሁ። የዞብልን ተራራ ፎቶ ከፍቼ ስልኩን ወደ ጎን ሳዘነብል የወንድሜ ላይ ቀለሙ ደበዘዘ፣ የአክስቴ ብዙም አልተለወጠም። ግን የደመቀ ቀለም ሁሉ እውነት አይደለም። የአክስቴ ስልክ የእኛን ማሽላ በበጋ የክረምት ሳር አስመስሎ ነው የሚያሳየው። ካሜራውም ስለሚዋሽ ይህ ፈተና ግማሽ ነው፣ ብዙ አትመኑት። 90 ኸርዝ የሚባለው ደግሞ ስክሪኑ በሴኮንድ 90 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ጣት ሲንሸራተት ይለሰልሳል እንጂ ፊደል አያጠራም።

አንድ ነገር ልጨምር። አሞሌድ ሲሰበር ማስቀየሪያው ውድ ነው። ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ከሆነ ስክሪኑ ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ ብላችሁ ጠይቁ። ጨለማ ቦታ ወስዳችሁ ሙሉ ጥቁር ፎቶ ብትከፍቱበት ይለያል፤ አሞሌድ ነው የተባለው ስልክ ግራጫ ካበራ ተቀይሯል ማለት ነው።

የእህቴስ ነገር? የነጥቡ ብዛት ስልኩ ሲሠራ ያለቀ ነገር ስለሆነ ሴቲንግ አይጨምረውም። ግን አንድ ዘዴ አገኘን። ስልኩን አግድም ስናዞረው ገጹ በረጅሙ በኩል ይዘረጋል። 1612ን ለ720 ስናካፍል 2.2 ያህል ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ ፊደሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ያድጋል። ከላይ ወደ ታች ብዙ ጊዜ መግፋት አለባት እንጂ መስመሩ አይቆረጥባትም። አባየን ጠርቼ መጀመሪያ ቁሙን፣ ከዚያ አግድሙን አሳየሁት። «ይቺ ስንት ናት?» አልኩት ትንሿን ቁጥር። ቁሙ ላይ «ሁለት» አለ። ሳዞረው ዝም ብሎ ትንሽ ቆየና «ሦስት ናት ለካ» አለ። ማታ እህቴ ስታጠና ኩራዙን ራሱ አቀረበላት።

የውሃ ጠብታውን ሙከራ ማየት የምትፈልጉ አርብ በረፍት ሰዓት ወደ ሚኒ ሚዲያ ክፍል ኑ። እኛ ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ስለማይፈቀድልን ከመምህራን አንድ ፈቃደኛ እንፈልጋለን። ጠብታዋ ትንሽ ናት፤ ጨርቅም አዘጋጅተናል።