«ግሮው» የሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ፤ አድራጊና ተደራጊ

መምህራን በወረቀታችን ላይ በቀይ ከሚያሰምሩባቸው የእንግሊዝኛ ግሶች አንዱ «ግሮው» ነው። ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አማርኛችን በቀለ፣ አመረተ፣ አደገ ብሎ ለሦስት የከፈለውን እንግሊዝኛው ለአንድ ግስ አሸክሞታል።

ምሳሌያችንን ከባኮ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች የምዕራብ ሸዋ ከተማ በበቆሎዋና በእርሻ ምርምር ማዕከሏ የታወቀች ናት።

«ፋርመርስ ግሮው ሜይዝ» ስንል አድራጊው ገበሬው፣ ተሳቢው በቆሎው ነው። ወደ ተደራጊ ሲለወጥ «ሜይዝ ኢዝ ግሮውን አት ባኮ» ይሆናል፤ ገበሬው ስሙ ባይጠራም መኖሩ ይታወቃል። «ሜይዝ ግሮውስ ዌል አት ባኮ» ያልን እንደሆነ ግን ገበሬው ከነጭራሹ የለም፤ በቆሎው በአፈሩና በዝናሙ በቀለ ማለት ነው። ብዙዎች ሁለቱን ያደባልቁና «ሜይዝ ኢዝ ግሮው» የሚል፣ ከወዲያም ከወዲህም ያልሆነ ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ።

የስሕተቱ ሥር አማርኛው ነው። አምስቱን አዕማድ የተማረ ሰው በግስ ላይ «ተ» ጨምሮ ተደራጊ ማውጣት ለምዷል። በቀለ ላይ «ተ» ቢጨመር ግን ተበቀለ ይሆንና ደም መላሽ ከተፍ ይላል! ስለዚህ «ተመረተ» ወይም «ተዘራ» ብለን ከሌላ ግስ እንበደራለን፤ እንግሊዝኛው በዚያው በ«ግሮውን» ይጨርሰዋል።

ነገሩ የነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቢ ኤች 660 (ቢ ኤች ማለት ባኮ ሃይብሪድ ነው) የተባለው ድቅል በቆሎ በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ተለቀቀ። አንድ የእርሻ ተማሪ በሪፖርቱ «ኢት ግሩ ዌል» ብቻ ብሎ ቢያልፍ ምስጋናው ለዘሩና ለዝናሙ ነው። «ኢት ዎዝ ግሮውን ባይ ፋርመርስ» ብሎ ቢጨምር ግን ያረሰው፣ ያረመው፣ ማሳውን ከዝንጀሮ የጠበቀው ሰው ከሪፖርቱ ይገባል።

ወደ ሰው ስንመጣ ጥንቃቄ ያሻል። «አይ ዎዝ ግሮውን ኢን ባኮ» ያለ ተማሪ ራሱን በቆሎ አደረገ። አደግሁ ለማለት «አይ ግሩ አፕ ኢን ባኮ» ነው። አክስቴ አሳደገችኝ ለማለትም «ማይ አንት ግሩ ሚ» አይባልም፤ «ማይ አንት ብሮት ሚ አፕ» ይባላል፤ በተደራጊው «አይ ዎዝ ብሮት አፕ ባይ ማይ አንት»።

እስቲ ወዳጆቼ፣ ይህን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት፦ «አጎቴ ባኮ አደገ፤ በቆሎ እያመረተም ልጆቹን አሳደገ፤ ዘንድሮ በቆሎው በደንብ በቅሏል።»