ከአብነት ተማሪው ጎጆ የሚጀምር ጤና

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፎ ጠዳ የሚደርስ ሰው ሁለት ዓይነት ተማሪዎችን ሊያይ ይችላል። አንደኛው ነጭ ጋውን ለብሶ ወደ ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገባው ነው። ሁለተኛው ደበሎ ደርቦ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በትር ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጃፍ ደጃፍ የሚሄደው የአብነት ተማሪ ነው። ሁለቱም ዕውቀት ፍለጋ ከእናት ከአባታቸው ቤት የወጡ ወጣቶች ናቸው። የዚህ ትምህርት ዓላማ የአንደኛው ዕውቀት ለሁለተኛው ጎጆ እንዴት እንደሚደርስ ማመልከት ነው።

ጤናና ቀለም

የአብነት ትምህርት በቃል የሚያዝ ትምህርት ነው። በበአታ ለማርያም የሚታወቀው የጎንደር አቋቋም ሳይቀር ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ልጅ ጠዋት ቀለም አይገባውም። የሰማውን ይረሳል፤ የኔታም ሰነፍ ይሉታል፤ በመጨረሻም ጉባኤውን ትቶ ይሄዳል። የጠፋው ግን አንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ነገ መሪጌታ ሆኖ ሌሎችን የሚያስተምረው ሰው ጭምር ነው። ስለዚህ ስንፍና ከመባሉ በፊት ሕመም እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

እከክ፦ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው አይበጅም

እከክን የምታመጣው በዓይን ለማየት የምታዳግት፣ ቆዳን ፈልፍላ የምትገባ ተባይ ናት። በጠባብ ጎጆ ተቃቅፈው የሚያድሩ ልጆች በቀላሉ ይተላለፉባታል። ማሳከኩ በሌሊት ይብሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ልጅ ምልክቱ እስኪታይበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ጤነኛ መስሎ ሌሎችን ያስይዛል። ስለዚህ፦

1. የጎጆው ልጆች ሁሉ፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይታከሙ። ቅባቱንና የአጠቃቀሙን ሥርዓት የጤና ባለሙያ ይወስን፤ ይድገሙት ካለም ይደገም።
2. በዚያው ቀን ልብስና መኝታ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።
3. ደበሎ አይቀቀልም። ስለዚህ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥ፤ ተባይዋ ከሰው ገላ ርቃ ከጥቂት ቀናት በላይ አትኖርም። እስከዚያ ልጁ የሚደርበውን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ምእመናን ያውሱት። ይህ ካልታሰበበት ልጁ ብርዱን ፈርቶ ያንኑ ደበሎ መልሶ ይለብሰዋል፤ ሕክምናውም ከንቱ ይቀራል።

ፊት፣ እጅና መጸዳጃ

የአማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን ይተላለፋል፤ ዝንቧም በሜዳ ላይ በተጣለ ዐይነ ምድር ትራባለች። በየማለዳው ፊትን መታጠብ፣ መጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈርና መክደን፣ የመከላከያ መድኃኒት በዘመቻ ሲታደል የአብነት ተማሪዎች እንዳይዘለሉ ማስመዝገብ ዋና ዋናዎቹ መከላከያዎች ናቸው። በጎጆው ደጃፍ አንድ የተበሳ ጀሪካን ተሰቅሎ፣ ሳሙና ቢታጣ አመድ ቢቀርብ፣ እጅ ታጥቦ መመገብ ልማድ ይሆናል፤ የአንጀት ትላትልና ተቅማጥም ይቀንሳሉ።

አኩፋዳና የውሻ ንክሻ

ከየቤቱ የተለመነ ቁራሽ ሆድ ይሞላ ይሆናል፤ ለሚያድግ ሰውነት ግን አይበቃም። የሻገተ መጣል አለበት፤ የተረፈውም ሳይሻግት በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሁን። አጥቢያው በየሳምንቱ ተራ ገብቶ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጎመን ቢያቀርብ ልጆቹ የሚያጡትን ይተካል። ዕድሜው ለጾም ያልደረሰ ወይም የታመመ ልጅ ደግሞ ከአቅሙ በላይ እንዳይጾም መምህሩ ይከታተል።

ተማሪው በትር የሚይዘው ለውሻ ነው። ውሻ የነከሰው ልጅ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ሕይወትን ያድናል። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ማደር አይገባም።

ናፍቆትና ዝምታ

በልጅነቱ ከቤቱ የራቀ ሰው ናፍቆት ይጸናበታል። መብል የተወ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከጓደኞቹ የተለየ ልጅ ሲታይ ከመቆጣት ይልቅ ለብቻው ጠርቶ «ልጄ፣ ምን ሆንህ?» ማለት ይቀድማል። በዕድሜ የሚበልጡት ታናናሾቹን እንዳይመቱና እንዳያስጨንቁም ደንብ ይኑር። ጸበልና ሕክምናም አይቃረኑም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበል የሚጠመቁ ምእመናን የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል።

ማን ይጀምር?

ለጎንደር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን ወደ ገጠር እያሰማራ ያሠለጥን ነበር። ዛሬም በዚያ መንገድ ሰበካ ጉባኤው ውኃና ሳሙና፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ልብስ አጣቢ ወጣቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ምክርና ክትትል፣ የጤና ኮሌጅ ተማሪዎችም ዕውቀታቸውን ቢያዋጡ በወር አንድ ቀን ለአንድ ጉባኤ ቤት ይበቃል። የኔታ ፈቃድ ካልሰጡበት ግን ሥራው አይጸናም። ስለዚህ አስቀድሞ እርሳቸውን ማማከር ያሻል።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ባለው ጉባኤ ቤት ስንት ልጆች በአንድ ጎጆ ያድራሉ?
2. ልጆቹ ሲታመሙ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳቸው ማን ነው? ወጪውንስ ማን ይችላል?
3. ባለፈው ዓመት ትምህርቱን ትቶ የሄደ ልጅ አለ? የሄደበትን ምክንያት ጠይቀናልን?

ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰ አጥቢያ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።