የወጥ ቅመም ለጤና ምን ይፈይዳል?

ጥያቄ፦ በየዕለቱ ወጥ ውስጥ የሚገቡት እርድ፣ አብሽና ኮረሪማ በእርግጥ ለጤና ይጠቅማሉን? (ከጊንጪ፣ ደንዲ ወረዳ)

መልስ፦ ይጠቅማሉ፤ ይሁንና ጥቅማቸው የምግብ እንጂ የመድኃኒት አይደለም። ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን የተባለው ንጥረ ነገር ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት፣ የመቀነስ ጠባይ በቤተ ሙከራ ቢታይበትም፣ በውኃ ስለማይሟሟ ብቻውን ሲበላ ወደ ደም የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ፒፐሪን ይህን መጠን በብዙ እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይቷል፤ ስለዚህ በደንዲ ገጠርም ሆነ በአምቦ ከተማ እርዱን ከሽንኩርትና ከንጥር ቅቤ ጋር አቁላልታ፣ አልጫው ሊወጣ ሲል ቁንዶ በርበሬ ጣል የምታደርግ ባለሙያ ትክክለኛውን መንገድ ይዛለች። አብሽ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ዝልግልግ አሰር ስኳር ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አብሽን ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ሊያማክር ይገባል። ኮረሪማ በመዓዛው ወጡን ስለሚያጣፍጥ ጨው ለመቀነስ ይረዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረውም በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። ከእነዚህ ቅመሞች ጋር ወጥ ውስጥ የሚገባው በርበሬ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬ ጉበትን የሚጎዳውን አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ስለሚችልና መቁላላትም ይህን መርዝ ስለማያጠፋው፣ የሻገተ በርበሬ ፈጽሞ ሊበላ አይገባም።