ፎቶግራፍ ምን ይመሰክራል?

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት በሚገባ የተከታተለ ተማሪ፣
1. ፎቶግራፍ እንዴት የታሪክ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል፤
2. አያያዥ ቃል በሁለት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ሲገባ የሚያመጣውን የሐሳብ ለውጥ ይለያል፤
3. ለአንድ ፎቶግራፍ ከእውነት ያልራቀ መግለጫ ይጽፋል።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ያልገቧችሁን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ።

በዳኛ ፊት የሚቆም ምስክር «ሰምቻለሁ» ካለና «ዐይቻለሁ» ካለ ቃሉ እኩል አይመዘንም። ያየ ሰው የበለጠ ይታመናል። ፎቶግራፍም በሰው ዘንድ ታላቅ አመኔታ ያገኘው ስለዚህ ነው፤ ዘወትር «ዐይቻለሁ» የሚል ምስክር ይመስላልና። ይሁን እንጂ አስተዋይ ዳኛ ያየውንም ምስክር ሳይመረምር አያሰናብትም። «የት ቆመህ አየህ? በስንት ሰዓት? ከዚያ በፊትስ ምን ተደርጎ ነበር?» ይለዋል። እናንተም ፎቶግራፍ በምታዩበት ጊዜ እነዚህኑ ጥያቄዎች ልታቀርቡለት ይገባል።

ፎቶግራፍ የማንሣት ጥበብ በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በመጀመሪያው ዘመን መሣሪያው ከባድ፣ ሥራውም ጊዜ የሚወስድ ስለ ነበር፣ የሚነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት። መሣሪያው እየቀለለ ሲሄድ ግን ፎቶግራፍ አንሺዎች ወደ ጦር ሜዳ፣ ወደ ፋብሪካና ወደ ድሆች መንደር መሄድን አዘወተሩ። የሰውን ኑሮና የዘመኑን ድርጊት ለማስረጃ የሚይዘው ይህ ሥራ ዘጋቢ ፎቶግራፍ ይባላል።

ሉዊስ ሃይን የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ የሚሠሩ ሕፃናትን እየዞረ አነሣ። ሥዕሉን ብቻ ይዞ አይመለስም ነበር፤ የልጁን ዕድሜ፣ የሥራውን ዓይነትና ቦታውን ይጽፍ ነበር። ሕፃናትን ከከባድ ሥራ የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ይታገሉ ለነበሩት ሰዎች ሥዕሎቹ ጠንካራ ማስረጃ ሆኑላቸው። ዶሮቲያ ላንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 በካሊፎርኒያ፣ በአተር ለቃሚዎች ሠፈር፣ በልጆቿ መካከል የተከዘች አንዲት እናት አነሣች። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ለሠፈሩ ምግብ ተላከ፤ እናቲቱና ልጆቿ ግን ምግቡ ሳይደርስ ከዚያ ሄደው ነበር። ላንግ ስሟን አልጠየቀቻትም። ዓለም የዚያችን እናት ፊት እያወቀ ስሟን የሰማው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።

በአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ከሚታወሱት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ከመቅደላ ጋር የተያያዘ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ክፍሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው መጡ። ተራራውን፣ ምሽጉንና የጦሩን ሠፈር አነሡ። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የሰባት ዓመት ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያም በፎቶግራፍ አንሺዎች ፊት እንዲቀመጥ ተደረገ። ሥዕሎቹ ዛሬም አሉ። በእነርሱም የልጁ ፊት ይታያል፤ ልጁ ስለ ራሱ የተናገረው ቃል ግን የለም። መሣሪያው በአሸናፊው እጅ ስለ ነበር፣ የሥዕሉንም መግለጫ የጻፈው አሸናፊው ነው።

በኋላም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ እንደ ሽመልስ ደስታ ያሉ ኢትዮጵያውያን በዚሁ ሥራ ተሰማሩ። የንጉሡን ጉዞ፣ የእንግዳ አቀባበልንና ክብረ በዓልን ዛሬ ለማየት የቻልነው በእነርሱ ድካም ነው። ነገር ግን ከቤተ መንግሥቱ ርቆ የሚደርሰውን ነገር የሚመሰክር ሌላ ዐይን ያስፈልግ ነበር።

ያ ዐይን የተፈለገው በወሎ ረሃብ ጊዜ ነው። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ በርትቶ ሰዎች ከቀያቸው ወደ አውራ ጎዳና መፍለስ ሲጀምሩ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ተጉዘው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ቀረቡ። መንግሥቱ ነገሩ በይፋ እንዳይነገር ይፈልግ ስለ ነበር፣ ሥዕሎቹን ያዩ ተማሪዎች እጅግ ተቆጡ። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። ያን ጊዜ የወሎ ስም በዓለም ተሰማ፤ ርዳታም መምጣት ጀመረ።

የፊልሙ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ሆኖም የቀረበው እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣና ድሎት የሚያሳዩ ሥዕሎች ገብተውበት ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖራቸው ግን መሣሪያው ሳይሆን ሰው ነው።

ከዐሥር ዓመት በኋላ ሌላ ረሃብ መጣ። ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል በርክ ጋር በኮረም ያነሣው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የብዙ አገር ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ፤ በርካታ ሕይወትም ተረፈ። ብራዚላዊው ሴባስቲያዎ ሳልጋዶም በዚያው ዘመን በኮረም ሠፈር ያነሣቸው ፎቶግራፎች በመጽሐፍ ታትመዋል። ከዚህ ሁሉ መልካም ሥራ ጋር ግን አንድ ጉዳት አብሮ መጣ፤ ከኢትዮጵያ ሌላ ሥዕል ያልደረሰው የውጭ ሰው አገሪቱን በረሃብ ብቻ ዐወቃት።

ይህን ለማረም ከተነሡት መካከል አይዳ ሙሉነህ አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ መሠረተች፤ አፍሪካውያን የራሳቸውን ኑሮ በራሳቸው ዐይን እንዲያሳዩ ለማድረግ ደክማለች። ሙሉጌታ አየነም በሙያው ከታወቁት አንዱ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ በስፍራው ተገኝቶ የቤተ ሰቡን ሐዘን አነሣ። ከሥዕሎቹ አንዱ አንዲት ሐዘንተኛ ዐፈር ወደ ፊቷ ስትበትን ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዓለም ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ሽልማት ከታጩት አንዱ ይኸው ነበር። የአገራችንን የልቅሶ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ለማያውቀው ግን ሥዕሉ ብቻውን አይበቃውም፤ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

ለ. የቃላት ፍቺ

አመኔታ — መታመን፣ እምነት ማግኘት
በለሆሳስ — ድምፅን ዝቅ አድርጎ
ቀዬ — የትውልድ ወይም የመኖሪያ ስፍራ
መፍለስ — ቦታን ለቆ መሰደድ
ድሎት — የተትረፈረፈ ምቾት
ዐውደ ርእይ — ሥራዎች ለሕዝብ የሚታዩበት ዝግጅት

ሐ. ሰዋስው — አያያዥ ቃላት

በምንባቡ ውስጥ ሁለት እውነተኛ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ሐሳብ እንደሚወለድ አይታችኋል። በጽሑፍም እንዲሁ ነው። በፎቶግራፍ «ግን» ወይም «ስለዚህ» የሚባል ቃል የለም፤ ይህን ቃል በልቡ የሚጨምረው ተመልካቹ ነው። በድርሰት ግን ቃሉን በግልጥ የሚጽፈው ደራሲው ስለ ሆነ፣ ተጠያቂውም ራሱ ነው። የሚከተሉትን አነጻጽሩ።

1. ወሎ ተራበ። በአዲስ አበባ ግብዣ ተደረገ።
2. ወሎ ተራበ፤ በአዲስ አበባ ግን ግብዣ ተደረገ።
3. ወሎ ተርቦ ሳለ በአዲስ አበባ ግብዣ ተደረገ።
4. በአዲስ አበባ ግብዣ ስለ ተደረገ ወሎ ተራበ።

በተራ ቁጥር 1 ሁለት ድርጊቶች ተነገሩ እንጂ አልተያያዙም። በተራ ቁጥር 2 «ግን» ሁለቱን አቃረናቸው። በተራ ቁጥር 3 «ሳለ» ድርጊቶቹ በአንድ ጊዜ መሆናቸውን ነገረን፤ በውስጡም ወቀሳ አለበት። በተራ ቁጥር 4 ግን «ስለ» የተባለው ቃል ግብዣውን የረሃቡ ምክንያት አደረገው። የረሃቡ መነሻ የዝናብ መጥፋት፣ የገበሬው ድህነትና የርዳታው መዘግየት ሆኖ ሳለ፣ አራተኛው ዐረፍተ ነገር ከእውነት ወጣ። ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሐሳቡን የለወጠው በዋናነት አያያዥ ቃሉ መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ምክንያትን የሚያመለክት ቃል ከመጻፋችሁ በፊት «ማስረጃዬ ምንድን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

መ. ድርሰት — የፎቶግራፍ መግለጫ አጻጻፍ

መቂ በስምጥ ሸለቆ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። በአካባቢው በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጓዛል። አሁን በመቂ ገበያ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ በፊታችሁ እንዳለ አስቡ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት በቲማቲም ሣጥኖች አጠገብ ተቀምጣ ትታያለች፤ እጇን አገጯ ላይ አድርጋለች፤ በአጠገቧ ሌላ ሰው የለም። ከኋላዋ ባዶ የጭነት መኪና ቆሟል። ሦስት ተማሪዎች የሚከተሉትን መግለጫዎች ጻፉ እንበል።

አንደኛ ተማሪ፦ «ገዢ ያጣች ምስኪን ሻጭ።»
ሁለተኛ ተማሪ፦ «የመቂ ገበሬ ብልጽግና።»
ሦስተኛ ተማሪ፦ «በመቂ ገበያ፣ ከጧቱ በአንድ ሰዓት፣ አንዲት የቲማቲም ሻጭ ገበያው እስኪደምቅ ስትጠብቅ። መኪናው ገና አልተጫነም።»

አንደኛው የሴቲቱን ችግር፣ ሁለተኛውም ብልጽግናን ከሥዕሉ አላዩም፤ ከልባቸው አመጡ እንጂ። ሦስተኛው ግን ሰዓቱን ጠይቆ ስላወቀ፣ ሴቲቱ ብቻዋን የተቀመጠችበትን ምክንያት አገኘ። በአንድ ሰዓት ገበያው ገና አልቆመም። ያው ሥዕል በአምስት ሰዓት ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ተማሪ እውነት ሊኖረው ይችል ነበር። እንግዲህ ሰዓቱን መጻፍ ትንሽ ነገር አይደለም።

መግለጫ ስትጽፉ የሚከተሉትን ጠብቁ።

1. ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
2. በዐይን የሚታየውንና እናንተ የገመታችሁትን ለዩ። ግምት ከጻፋችሁ «ይመስላል» በሉ።
3. «ምስኪን»፣ «ኋላ ቀር»፣ «ደስተኛ» የመሳሰሉ ቅጽሎችን ያለ ማስረጃ አትጠቀሙ።
4. ሰውን ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ታላቅዎችን በአክብሮት «እናቴ፣ ላንሣዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልፈቀዱ አመስግናችሁ ተመለሱ። ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደ ሆነም ጠይቁ።
5. ሥዕሉን ያነሣችሁት ሰው መግለጫችሁን ቢያነብ «ይህ እኔ ነኝ» ይላልን? ይህን ሳትመልሱ ጽሑፋችሁን አታስረክቡ።

ሠ. መልመጃ

አንድ። በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ደራሲው ፎቶግራፍን ከምስክር ጋር ያነጻጸረው ለምንድን ነው?
2. የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፎች ምን ያሳያሉ? ምንስ ይጎድላቸዋል?
3. በ1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቀረበው ፊልም ከመጀመሪያው በምን ተለየ? እንዲህ ማድረግ ተገቢ ነበርን? ክፍላችሁ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር።
4. የ1977 ዓ.ም. ሥዕሎች ያስገኙትን ጥቅምና ያስከተሉትን ጉዳት በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

ሁለት። የሚከተሉትን ጥንዶች በ«ግን»፣ በ«ሳለ»ና በ«ስለ» እያያያዛችሁ ጻፉ። ከእውነት የወጣውን ለይታችሁ ምክንያቱን አስረዱ።
1. ሐይቁ ሞልቷል። ዓሣ አስጋሪው ባዶ እጁን ተመለሰ።
2. የሽንኩርት ዋጋ ወረደ። ገበሬው ምርቱን ሸጠ።

ሦስት። በቤታችሁ ካለ አሮጌ ፎቶግራፍ አንዱን ምረጡ። በሥዕሉ ላይ ያሉትን ወይም የሚያውቋቸውን አዋቂዎች ጠይቁ፦ ማን ናቸው? የት ተነሡ? መቼ? ከመነሣታቸው በፊት ምን ተደርጎ ነበር? ከዚያም ከዐሥራ አምስት መስመር ያልበለጠ አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው ክፍል በሥዕሉ የሚታየውን ብቻ፣ በሁለተኛው ክፍል ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን አስፍሩ። ሁለቱን ክፍሎች የምታገናኙበትን አያያዥ ቃል አስምሩበት፤ ለምን እንደ መረጣችሁትም ለመምህራችሁ በቃል አስረዱ።