የጁሙዓ መልእክት፦ ስኒከር ስንሰበስብ ልባችን የት ነው?



«ኡስታዝ፣ ክላሲክ ስኒከር መሰብሰብ ሐራም ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ብዙ ጊዜ ይመጣል። ጠያቂው የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ ወይ «ሐላል» ወይ «ሐራም»። ጉዳዩ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ጫማው፣ ገንዘቡ፣ ግብይቱ እና ልባችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሑክም አላቸው። ዛሬ ኢንሻአላህ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

መሠረቱ

ልብስና ጫማ በመሠረቱ የተፈቀዱ ነገሮች ናቸው። ዐብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውት ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ኩራት ሲያስጠነቅቁ አንድ ሰው ጥያቄ አነሳ። ልብሱም ጫማውም እንዲያምርለት የሚወድ ሰው ኩሩ ይባል እንደሆነ መረዳት ፈልጎ ነበር። ልብ በሉ፣ ጫማ በስሙ ተጠርቷል! መልሱም አላህ ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ማለት ግን እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ እንደሆነ የሚያስረዳ ነበር። ስለዚህ ድንበሩ የተሰመረው ከጫማው ላይ ሳይሆን ከልባችን ላይ ነው። በሱረቱል አዕራፍም አላህ (ሱ.ወ.) በመስጂድ ዘንድ ማጌጥን ባዘዘበት በዚያው አያ ማባከንን ከልክሏል። ሁለቱ አብረው የመጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስብስብ እና ክምር

ስብስብ ማለት ክምር ማለት አይደለም። ክላሲክ ማለትም ውድ ማለት አይደለም። ኮንቨርስ ኦል ስታር እ.ኤ.አ. በ1917 ለቅርጫት ኳስ ተብሎ የወጣ የሸራ ጫማ ነው፤ እስከ ዛሬ ይመረታል፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ ዝቅ ያለ ነው። ፑማ ስዊድ በ1968፣ ናይኪ ኤር ፎርስ 1 በ1982፣ ኤር ጆርዳን 1 በ1985፣ ኤር ማክስ 1 ደግሞ በ1987 የወጡ ናቸው። እነዚህን አምስቱን የያዘ ሰው የስኒከርን ታሪክ ዋና ዋና ምዕራፎች ይዟል። ከአንዱ ሞዴል ሠላሳ ቀለም የደረደረ ግን የያዘው ታሪክ ሳይሆን ካርቶን ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር አስተውሉ። ኤር ጆርዳን 1 ሲወጣ 65 ዶላር ነበር። ማይክል ጆርዳን ራሱ ያደረገው አንድ ጥንድ በ2020 በጨረታ 560 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ቆዳው ያው ቆዳ፣ ጎማውም ያው ጎማ ነው። የተለወጠው የሰው ፍላጎት ብቻ ነው። የሰው ፍላጎት ደግሞ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው፤ ኑሯችንን በእርሱ ላይ አንገነባም።

ስለዚህ ለመሰብሰብ የምትፈልጉ ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ወስኑ፤ አምስት ከሆነ አምስት። ሁለተኛ፣ አዲስ ሲገባ አንዱ ይውጣ፤ የሚወጣውም ያለቀውና የተቀደደው ሳይሆን ገና የምትወዱት ይሁን። ሦስተኛ፣ የቤተሰብ ወጪ ሳይሸፈን፣ የሰው ብድር ሳይመለስ ስኒከር አይገዛም። እናት የመድኃኒት ብር እየፈለገች ልጅ ሦስተኛ ጆርዳኑን የሚገዛ ከሆነ፣ ጫማው ሙባሕ ሆኖ ሳለ ግዢው ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ከመግዛትና ከመሸጥ በፊት

ቆዳውን እዩ። ለስላሳ ፀጉር ያለው «ስዊድ» የሚባለው ቆዳ ከላም፣ ከፍየል ወይም ከአሳማ ሊሠራ ይችላል። የአሳማ ቆዳ በሻፊዒይም ሆነ በሐነፊ መዝሀብ ቢለፋም አይጠራም። ጫማ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ካልተጻፈም ሻጩን መጠየቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ኮፒውን ኮፒ በሉት። ፌኩን «ኦርጅናል ነው» ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ከትተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ሲያገኙት ባለቤቱን ገሥጸዋል፤ እርጥቡ ከላይ ሆኖ ሰው እንዲያየው ነበር የፈለጉት። የተለጠፈ ሶል፣ የተቀባ ቆዳ፣ የተቀየረ ካርቶን ካለ ገዢው በግልጽ ይወቀው።

ያልያዛችሁትን አትሽጡ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ጫማ ፎቶውን ለጥፎ፣ ሳይገዙት ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ መሸጥ በወጣቱ ዘንድ ተለምዷል። ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ.) እጃቸው ላይ የሌለን ዕቃ ስለ መሸጥ ጠይቀው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋቸዋል። መውጫው ቀላል ነው፦ ወይ አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ተረከቡ፣ ወይ የገዢው ወኪል ሁኑና የድካም ዋጋችሁን በግልጽ ተናግራችሁ ግዙለት።

ዕጣውን ለዩ። ኩባንያዎች በቁጥር የተወሰኑ ጫማዎችን ለመሸጥ ዕጣ ያወጣሉ። ምዝገባው ነፃ ሆኖ የደረሰው ሰው በመደበኛ ዋጋ የሚገዛ ከሆነ የሚከስር የለም። ቲኬት ተገዝቶ አንዱ ጫማ ወስዶ የቀሩት ብራቸውን የሚያጡበት ግን ቁማር ነው፤ ስሙ ቢያምርም።

ዘካውን አትርሱ። ለራሳችሁ የምታደርጉት ጫማ፣ ውድ ቢሆንም፣ ዘካ የለበትም። አትርፋችሁ ለመሸጥ የገዛችሁት ግን የንግድ ዕቃ ነው። ካላችሁ ገንዘብ ጋር ተደምሮ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከሞላው፣ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተሰልቶ 2.5 በመቶ ይወጣል። «ስብስብ ነው» እያሉ ዓመቱን ሙሉ መነገድ፣ ዘካ ሲደርስ ደግሞ «ለራሴ ነው» ማለት አላህን አያታልልም። ኒያችሁ ከተደባለቀባችሁ በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ።

የመስጂዱ መደርደሪያ

አሁን ወደ ልባችን እንምጣ። አላህ የሚገርም ቦታ ሰጥቶናል፤ የመስጂድ በር። በ65 ዶላር የተገዛውም፣ የጎማ በረባሶውም እዚያ ይወልቃል። ወደ ውስጥ የምንገባው በእግራችን ብቻ ነው። በሶፍ ውስጥ ማን ምን አድርጎ እንደመጣ አይታወቅም።

ግን ኢማሙ ፋቲሓ ሲቀሩ የእኛ ሐሳብ የት ነው? «ይሰርቁት ይሆን? ማን አጠገቡ ቆመ?» እያልን ከሆነ ሰውነታችን ሶፍ ላይ፣ ልባችን መደርደሪያው ላይ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ባለው ልብስ ሰገዱና ጥለቱ ሐሳባቸውን ሳበው። ሲጨርሱ ልብሱ ወደ አቡ ጀህም እንዲመለስና ጥለት የሌለው የእርሱ ልብስ እንዲመጣላቸው አዘዙ። ልብሱ ሐራም ስለሆነ አይደለም፤ ሶላታቸውን ስለነካ ነው። እኛም ወደ መስጂድ ስንሄድ ልባችንን የማይዝ ጫማ ማድረግ ወይም ጫማውን በፌስታል ይዘን መግባት ምን ይከብደናል?

ሌላም አለ። የጓደኛችንን ጫማ ከላይ እስከ ታች አይተን ፈገግ የምንልባት ቅጽበት አለች። ቃል አልወጣንም፤ እርሱ ግን ገብቶታል። ሐዲሱ ሰውን መናቅ ያለው ይህንኑ ነው። ሃያ ጫማ ኖሮት ባዶ እግሩን የሚሄደውን የሚያከብር አለ፤ አንድ ጫማ ኖሮት በእርሱ የሚኮራም አለ።

የማይደረግ ጫማ

ሰብሳቢዎች በደንብ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። እንደ ኤር ማክስ 1 እና ኤር ጆርዳን 3 ያሉ ጫማዎች መሐል ሶላቸው የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው። ይህ ነገር ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ከዓመታት በኋላ፣ አንድ ቀን እንኳ ያልተደረገ ጫማ ከካርቶኑ ወጥቶ ሲረገጥ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ካርቶን አያድነውም፤ የከፈልነው ዋጋም አያድነውም። ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ ራሳቸው ጫማውን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት፣ አልፎ አልፎም አድርጉት ይላሉ።

ሱብሓነላህ! ዱንያ ስለ ራሷ ከዚህ በላይ ምን ትንገረን? እኛ ጋ ያለው ያልቃል፣ አላህ ዘንድ ያለው ይቀራል፤ ቁርኣን ያስተማረን ይህንን ነው። የቆለፍንበት ጫማ ተፈርፍሮ ያልቃል። ትምህርት ቤት ለመሄድ ጫማ ላጣ ልጅ የሰጠነው ግን በእርሱ እግር ላይ ቢያልቅም መዝገባችን ላይ አያልቅም። ራሳችን የምናደርገውም ቢሆን ቢስሚላህ ብለን፣ በቀኝ እግር ጀምረን፣ ወደ ሶላት፣ ወደ ዘመድ ጥየቃ፣ ወደ ሥራ ከሄድንበት እርምጃው አጅር ይሆናል።

የዚህ ጁሙዓ ሥራችን

ዛሬ ከዐስር በኋላ ቁም ሳጥኑን ክፈቱ። ጫማችሁን ቁጠሩ። አንድ ዓመት ሙሉ ያልነካችሁትን አንድ ጥንድ አውጡ፤ ጥረጉት፣ ክሩን እጠቡት፣ ቁጥሩ ለሚሆነው ሰው ስጡት። ፎቶ አታንሱት፣ አትለጥፉት። ከዚያ በኋላ ልባችሁን ተመልከቱ፤ መስጠቱ በጣም ከከበዳችሁ፣ ጥያቄያችሁ ስለ ጫማ እንዳልነበር ታውቃላችሁ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ ዱንያን በእጃችን እንጂ በልባችን አያኑርብን፤ እግራችንን በሲራጥ ላይ ያጽናልን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!