ፍሪሲዮን ያለዕድሜው ሲያልቅ፦ ካምቢዮ ከማውረድ በፊትና በኋላ

ኃይለኛ መኪና የያዘ ሰው ፍሪሲዮኑ ካለዕድሜው ሲያልቅበት መጀመሪያ የሚወቅሰው ዕቃውን ነው። ዲስኩ ኮፒ ነው ይባላል፣ ካምቢዮ ይወርዳል፣ አዲስ ይገጠማል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው የተቃጠለ ሽታ ይመለሳል። ዲስክ ግን ብዙውን ጊዜ በራሱ አይቃጠልም፤ የሚያቃጥለው ነገር አለ። እሱ ሳይገኝ የሚገጠም አዲስ ፍሪሲዮን የቀድሞው ዕጣ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሥራ ግማሹ አንድም ቡሎን ሳይፈታ የሚሠራ ነው።

ምሳሌ የማደርገው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2007 የተሠራውን ሱባሩ ኢምፕሬዛ ኤስቲአይ ነው፦ 2.5 ሊትር ባለ ቱርቦ ሞተር፣ ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት። የመረጥኩት ያለምክንያት አይደለም። በኋላ ጎማ ብቻ በሚነዳ መኪና ፍሪሲዮን ድንገት ሲለቀቅ ጎማው ይሽከረከርና ትርፉ ኃይል በጎማ ጭስ ይወጣል። ኤስቲአይ ላይ አራቱም ጎማ አስፋልቱን ስለሚይዙ መንሸራተት የሚቀረው ለዲስኩ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር መኪናው በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 5,000 ሲዞር 42። ሞተሩን በአንድ ዙር ይዞ ከቆመበት የሚነሳ ሰው፣ መኪናው እዚያ ፍጥነት እስኪደርስ ድረስ ዲስኩን እያንሸራተተ ነው። በዚያ ጊዜ ዲስኩና ቮላኖው ላይ የሚያርፈው ሙቀት መኪናው ካገኘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር እኩል ይሆናል። 1,500 ኪሎ ለሚመዝን መኪና በ2,500 ዙር መነሳት 25 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ነው፤ በ5,000 ዙር መነሳት 100 ኪሎጁል ገደማ። ዙሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተሩ ቱርቦው ሳይነሳ በፊት ጉልበት ያንሰዋል፤ ሹፌሩም ዳገት ላይ ሳያውቀው ዙር ጨምሮ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። የእጅ ፍሬን እያለ ዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ መያዝ ከሁሉም የከፋ ልማድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ በሽታውን ለዩ። ገላጣና ነፃ መንገድ ፈልጉ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በ4ኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ጀምራችሁ ነዳጁን እስከ ታች ርገጡ። ቱርቦው ሲነሳ፣ ማለትም በ3,000 እና በ4,000 ዙር መካከል፣ የዙር ቆጣሪው መርፌ ዘልሎ የመኪናው ፍጥነት ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ፈተናው ራሱ ዲስክ ስለሚበላ አትደጋግሙት። ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ሳይሆን ማርሽ አልገባም እያለ ከሆነ፣ ወይም ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ የሚፋጭ ከሆነ፣ ችግሩ አለመልቀቅ ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፖምፓው ወይም ከመስመሩ ውስጥ አየር የሚመጣ ነው። ለዚህ ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ከውጭ ያለውን ፈትሹ። ፔዳሉን በእጃችሁ ተጫኑት፤ የላይኛው ፖምፓ ዘንግ መገፋት ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ልል ቦታ መኖር አለበት። ልል ቦታ ከሌለ ዘንጉ ፖምፓውን ሁልጊዜ ገፍቶ ይይዘዋል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲሰፋ መመለሻ ስለማያገኝ ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ይኖራል። እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ መንዳትም ውጤቱ ያው ነው። ከዚያ የሞተሩ ፕሮግራም ተነክቶ እንደሆነ ጠይቁ። የቱርቦ ግፊት ተጨምሮ ፍሪሲዮኑ የፋብሪካው ከሆነ፣ ጥያቄው የዲስኩ ጥራት ሳይሆን ዐቅሙ ነው።

ዕቃ ስትመርጡ ሻጭ በሚያወራው የፈረስ ጉልበት አትመሩ፤ ፍሪሲዮን የሚይዘው የመጠምዘዝ ኃይል ነውና ቁጥሩ በኒውተን ሜትር ይነገራችሁ። ለከተማና ለመንገድ የፋብሪካው ዓይነት ኦርጋኒክ ዲስክ፣ ካስፈለገም ጠንከር ካለ ፕሬሸር ፕሌት ጋር፣ ይበቃል። የሴራሚክ ወይም የብረት ቁርጥራጭ ያለው ዲስክ ለውድድር ጥሩ ነው፤ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ግን ይንዘፈዘፋል፣ ቮላኖውንም ይፈጃል። ለዕለት ተዕለት መኪና አልመክረውም።

ለመፍታት መኪናውን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ የብረት መደገፊያ አቁሙ። ባትሪ፣ ከሞተሩ በላይ የተቀመጠው ኢንተርኩለር፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታው፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግና የፊት አክስሎቹ ተራ በተራ ይወጣሉ። የታችኛውን ፖምፓ ዘይቱን ሳታፈሱ አንስታችሁ ወደ ጎን እሰሩት፤ እሱ ወጥቶ ሳለ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ።

ብዙ መካኒክ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የዚህ መኪና ፍሪሲዮን የሚለቀቀው በመገፋት ሳይሆን በመጎተት ነው፤ ኩሽኔታው ፕሬሸር ፕሌቱ ላይ ተቆልፏል። ይህን ሳይፈቱ ካምቢዮውን በሊቨር መፈልቀቅ ሹካውን ያጣምማል። በካምቢዮው ቤት ጎን በ10 ብሩጎላ የሚፈታ መክደኛ አለ። እሱን አውጡ፣ ከውስጥ ባለው ዘንግ ጫፍ ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጠምዝዙና ዘንጉን ስቡት፤ ሹካው ከኩሽኔታው ይላቀቃል። ከዚያ ሞተሩን ደግፉ፣ ካምቢዮውን በካምቢዮ ክሪክ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። ክብደቱ ዲስኩ ላይ ለአፍታም አይንጠልጠል።

አሮጌውን ዲስክ ከመጣላችሁ በፊት አንብቡት። ፊቱ በእኩል ሳስቶ ሪቬቶቹ ከደረሱ፣ በአግባቡ አልቋል። ገና ውፍረት እያለው ጠቁሮና አብረቅርቆ ከተገኘ፣ በሙቀት ተቃጥሏል፤ የአነዳድ ወይም የዐቅም ጉዳይ ነው። ዘይት ከነካው፣ ከቮላኖው ኋላ ያለውን የክራንክሻፍት ኦይል ሲልና የካምቢዮውን ኦይል ሲል ተመልከቱ፤ ካምቢዮው ወርዶ ሳለ መቀየሩ ከዋጋው በላይ ይክሳል። ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦም ተቦርቡሮ እንደሆነ በጥፍር ዳስሱት።

ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ የብርጭቆ ወረቀት አያድነውም። ነጠብጣቡ በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ አዲሱን ዲስክ ያንዘፈዝፈዋል። ለባለሙያ ሰጥታችሁ ይስተካከል፤ ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነ ይቀየር።

ሲገጠም የቮላኖውን ፊትና የፕሬሸር ፕሌቱን በፍሬን ማጽጃ አጽዱ፤ ከዚያ በኋላ በዘይት እጅ አትንኩት። ዲስኩ ላይ የቮላኖ ጎን የትኛው እንደሆነ ተጽፏል። ጥርሶቹ ላይ ግሪስ በጣም በስሱ ይቀባ፤ የበዛ ግሪስ ተፈናጥሮ ዲስኩን ያበላሻል። በማእከል ማስያዣው ዘንግ አስተካክላችሁ ቡሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቃችሁ በትንሽ በትንሹ አጥብቁ። ለቮላኖው 72 ኒውተን ሜትር፣ ለፕሬሸር ፕሌቱ 16 ገደማ ነው። ካምቢዮው ተገጥሞ ሹካው ከተመለሰ በኋላ ኩሽኔታው ቀጭ ብሎ እስኪቆለፍ ሹካውን ጎትቱ፤ ካልተቆለፈ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በመጨረሻ የካምቢዮ ዘይት ሙሉ፣ የፍሪሲዮኑን ዘይት አድሱ፣ አየሩን አስወጡ፣ የፔዳሉን ልል ቦታ እንደገና ለኩ።

ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር መኪናው በከተማ ውስጥ፣ ማርሽ እየተለዋወጠ፣ ነዳጅ እስከ ታች ሳይረገጥ ይነዳ።

ሥራውን ለጋራዥ የምትሰጡ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አሮጌውን ዲስክ፣ ቮላኖውንም ከመገጠሙ በፊት አሳዩኝ በሉ። ይህን ለማሳየት ፈቃደኛ ላልሆነ ጋራዥ መኪናችሁን አትስጡ።