ጥፋቱ የኮዱ ነው ወይስ የቫልቩ? ስለ ኮንትሮል ቫልቭ አመጣጠን

ላስ ቬጋስ ከምትጠቀመው ውሃ 90 ከመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል ይመጣል። ችግሩ ሐይቁ ከከተማዋ በታች መሆኑ ነው። በጁላይ 2022 እ.ኤ.አ. የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 317 ሜትር ወርዶ ነበር፤ ከተማዋ ያለችው ግን 610 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው በፓምፕ ሽቅብ ይገፋል፣ ከፍ ካሉ ታንከሮች ደግሞ ቁልቁል ይለቀቃል። ቁልቁል በወረደ ቁጥር በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ግፊት ይጨምራል። ከታንከሩ 80 ሜትር ዝቅ ያለ ሰፈር 8 ባር ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ለቤት ቧንቧ ግማሹ ይበቃል። ትርፉን የሚቀንሰው ቫልቭ ነው።

እዚሁ ከተማ አንድ ደንበኛ የፒአይዲ ፕሮግራሙን እንዳስተካክልለት ጠራኝ። የግቢው የውሃ ግፊት ሲወጣና ሲወርድ ውሎ ያድራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥር ስቀያይር ከረምኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን "ቫልቩ ስንት ከመቶ ተከፍቷል?" አለኝ። አየሁት፤ 5 ከመቶ። ሳቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቫልቭ አቅም ኬቪ በሚባል ቁጥር ይለካል፦ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ በመግቢያና በመውጫው መካከል የ1 ባር ልዩነት ሲኖር፣ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ ያሳልፋል? ለውሃ ቀመሩ አጭር ነው፦

ኬቪ = ፍሰት ÷ √(የግፊት ልዩነት)

የግቢው የዘወትር ፍሰት በሰዓት 60 ሜትር ኩብ፣ ልዩነቱ 4 ባር ነበር፤ 60 ÷ 2 = 30። ፍሰቱ ወደ 90 ሲያድግ መስመሩ ራሱ ግፊት ስለሚበላ ለቫልቩ የሚተርፈው 2.25 ባር ብቻ ነው፤ 90 ÷ 1.5 = 60። ኬቪው 100 የሆነ ባለ 80 ሚሊሜትር ቫልቭ ከ30 እስከ 60 ከመቶ ተከፍቶ ሥራውን በምቾት ይሠራል። የተገጠመው ግን ባለ 200 ሚሊሜትር፣ ኬቪው 630 የሆነ ነው። ለምን? ቧንቧው 200 ስለሆነ! ቫልቭ በቧንቧ ውፍረት አይመረጥም፤ ይህን ስህተት ግን በየቦታው ታገኙታላችሁ።

አሁን ሰበቃን አስቡ። የቫልቩ ዘንግ ይይዝና ድንገት 1 ከመቶ ይዘላል እንበል። በትንሹ ቫልቭ ይህ በሰዓት የ2 ሜትር ኩብ ለውጥ ነው። በትልቁ 12.6፤ ከጠቅላላው ፍሰት አንድ አምስተኛ! ፕሮግራሙ "በዛ" ብሎ ይዘጋል፣ ዘንጉ ዘልሎ ያሳንሰዋል፣ መልሶ ይከፍታል። የትኛውም ኮድ ይህን አያድነውም። ከዚያም በላይ፣ በጠባቡ ክፍተት ውሃው ሲፈጥን ግፊቱ ወርዶ የእንፋሎት አረፋ ሊፈጠር ይችላል፤ አረፋው ወዲያው ሲፈነዳ ብረቱን ይቦረቡራል። ካቪቴሽን ይሉታል፤ ጠጠር በቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ያስመስላል።

ኮዳችሁን ከመንካታችሁ በፊት መቆጣጠሪያውን ወደ ማንዋል አዙሩትና ጠብቁ። መዋዠቁ ከቆመ ችግሩ እዚያው ዑደት ውስጥ ነው፤ ከቀጠለ ከሌላ ቦታ እየመጣ ነው። ቀጥሎ ትእዛዙን በ0.5 ከመቶ እየጨመራችሁ ሴንሰሩ መቼ እንደሚነቃ ተመልከቱ፤ ዘግይቶ ከዘለለ ዘንጉ ይይዛል። የቫልቩን መክፈቻም ሁልጊዜ መዝግቡ፤ እኔ ግፊቱን ብቻ ነበር የምመዘግበው።

ለወደፊት እድገት ብለው ትልቅ የሚገጥሙም አሉ፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ትንሽና ትልቅ ቫልቭ ጎን ለጎን ቢገጠሙ ትንሹ የዘወትሩን ይይዛል፣ ትልቁ ፍሰት ሲበዛ ይከፈታል። የኛም ደንበኛ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያው ኮዴም ሳይነካ እስካሁን ይሠራል።